«አይሆንም» ማለትም መልስ ነው

ለሶሻል ወርክ ጆርናሉ ዋና አዘጋጅና ለአዘጋጅ ቦርዱ አባላት በሙሉ፦

ጤና ይስጥልን።

ይህን የምንጽፍላችሁ ጎንደር ከተማና ዙሪያዋ የምንሠራ ሰባት ሶሻል ወርከሮች (የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች) ነን። አራታችን ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ነን፣ ሁለቱ ሕፃናት ላይ በሚሠራ ፕሮጀክት ውስጥ ናቸው፣ አንዱ ደግሞ ከስደተኞች ጋር ነው የሚውለው። ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ቅሬታው ግን የሰባታችንም ነው። የጆርናሉን ስም እዚህ አልጠራም። እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፣ የሙያው ሰውም ሳይነገረው ይገባዋል።

ያስነሳን ባለፈው ወር ያወጣችሁት ማስታወቂያ ነው። ሦስት ነገር ይላል። ከእንግዲህ ዩኒቨርሲቲ የማያስተምር ሰው በዋና ጸሐፊነት፣ ማለትም ስሙ ከፊት ሆኖ፣ ጽሑፍ መላክ አይችልም። ባለሙያ በሥራው ላይ ያየውን በአጭሩ የሚጽፍበት «ከመስክ» የሚለው ዓምድ ተዘግቷል። ተቀባይነት ያገኘ ጽሑፍ ደግሞ የኅትመት ክፍያ ይከፈልበታል። ምክንያቱ «የጆርናሉን ደረጃ ከፍ ለማድረግ» ነው ተብሏል። ፒያሳ ቡና ይዘን በአንድ ስልክ ላይ ተደፍተን ስናነበው፣ አንዷ ጓደኛችን «እስካሁን ገርበብ ያለ በር ነበር፤ ይኸው ቆለፉት» አለች።

ገርበብ ያለው በር ምን ይመስል እንደነበር ልንገራችሁ።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሦስት ሆነን አንድ ጥናት ላክንላችሁ። ጧሪ ቀባሪ የሌላቸውን አረጋውያን የሰፈር እድር እንዴት እንደሚይዛቸው የሚያይ ነው። እድር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ለቅሶ ነው። እኛ የተከታተልናቸው አራት እድሮች ግን ሰው ሳይሞትም ይሠራሉ። አንዱ በተራ ሰው መድቦ የአልጋ ቁራኛ ለሆኑ አንድ አባት ውኃ ያስቀዳል። ሌላው ከወር መዋጮው ቀንሶ ለሁለት አሮጊቶች የጤና መድን ይከፍላል። አንዱ እድር ውስጥ ደግሞ ጸሐፊው ራሱ የሽማግሌውን ጥፍር ሲቆርጥ ደርሰንበታል፤ ሲያየን አፈረ፣ መቀሱን ኪሱ ከተተው። ይህን ሁሉ ለመሰብሰብ ዘጠኝ ወር ፈጀብን። ቅዳሜና እሁድ፣ ከሥራ በኋላ፣ ባጃጁን ከኪሳችን እየከፈልን።

በላክን በደቂቃው የማሽን መልስ መጣ፦ ጽሑፍዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን። ከዚያ ዝም። የካቲት ላይ ጠየቅን። ፋሲካ አለፈ፣ ጠየቅን። ክረምት ገባ፣ ጠየቅን። መስከረም ላይ እንኳን አደረሳችሁ ብለን፣ በዚያው ስለ ጽሑፋችን ብለን ጻፍን። አራት ኢሜይል። በአሥራ አራተኛው ወር፣ ጥር 2015 ላይ፣ ከተማው ገና የጥምቀትን ግርግር ሳይጨርስ ሁለት መስመር ደረሰን። ጽሑፉ ከጆርናሉ ወሰን ውጭ ነው።

አንድ ጽሑፍ ከወሰን ውጭ መሆኑን ለማወቅ ርዕሱና አብስትራክቱ (አጭር ማጠቃለያው) ይበቃል። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ግፋ ቢል የአንድ ሳምንት። በሳምንቱ ብትነግሩን ኖሮ ሌላ ቦታ እንልከው ነበር። እንዳንልከው ደግሞ የራሳችሁ ደንብ ይዞናል፤ አንድ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ሁለት ጆርናል ጋ አይላክም። ደንቡን አንቃወምም። የትም ያለ ነው፣ ሁለት ቦታ ገምጋሚ ማልፋት ነውር ነው። ግን እኛን አሥራ አራት ወር ሲያስር እናንተን አንድ ቀን እንኳ አያስርም። አማች ሽማግሌ ልኮ እንኳ ቀጠሮ ይሰጠዋል። ልጅቷን አንሰጥም የሚል ቤተሰብም ቢሆን ሽማግሌውን በር ላይ አቁሞ ዓመት አያሳድርም።

ደግሞስ «ወሰን ውጭ» ማለት ምን ማለት ነው? ዓለም አቀፉ የሶሻል ወርከሮች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ሜልቦርን ላይ ያጸደቀው የሙያው ትርጉም አገር በቀል ዕውቀትን ሙያው ከቆመባቸው መሠረቶች እንደ አንዱ ቆጥሮ ስሙን ጠርቶ ይጠቅሳል። እናንተም በመመሪያችሁ መግቢያ ላይ ይህንኑ ትርጉም ለጥፋችሁታል። እድር የአልጋ ቁራኛ ሲያስታምም ሶሻል ወርክ ካልሆነ ምን ብለን እንጥራው?

በነገራችን ላይ ጽሑፉ እንከን አልነበረበትም እያልን አይደለም። የአሠራር ስልቱን የገለጽንበት ክፍል የሳሳ ነበር፤ እድሮቹን በምን መረጥናቸው የሚለውን በወጉ አልጻፍነውም። ይህን የነገረን በኋላ ያነበበልን አንድ አስተማሪ ነው። ደካማ ነው ብላችሁ ብትመልሱት ይቆጨን ነበር እንጂ ይህን ደብዳቤ አንጽፍም ነበር።

ሁለተኛው የጓደኛችን ነገር ነው። ሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ በመተማ በኩል ብዙ ሰው ገባ። ጓደኛችን በዚያ ሰሞን መተማ ነበር፤ ያለ ወላጅ የመጡ ልጆችን ይመዘግብ ነበር። የትኛው ጥያቄ ልጁን እንደሚያስደነግጠው፣ ምዝገባው ላይ ምን ቢቀየር እንደሚሻል፣ ያየውን በስድስት ገጽ ጽፎ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ለ«ከመስክ» ዓምድ ላከ። እዚህ ላይ ላመስግናችሁ፣ የገምጋሚ አስተያየት በሦስት ወር መጣለት። ችግሩ ሌላ ነው። አስተያየቱ የመጣው ጥቅምት 2016 ነው፣ የተሰጠው ጊዜ 21 ቀን ነው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተዘግቶ፣ ጥቅምት ላይም እንደተዘጋ ነበር። ዋይፋይ ያለው ሆቴል ፍለጋ እንዞራለን። አንድ ማኪያቶ አዝዘን ሦስት ሰዓት እንቀመጣለን፣ አስተናጋጁ ያየናል፣ እናየዋለን። አንዳንድ ቀን መብራት የለም። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከቤት መውጣትም የለም።

ጓደኛችን ኢሜይሉን ያየው በአሥራ ስምንተኛው ቀን ነው። ጊዜ ጨምሩልኝ ብሎ በሆቴል ዋይፋይ ጻፈ። መልስ የለም። በሃያ ሁለተኛው ቀን ሲስተሙ ራሱ «በደራሲው ፈቃድ ተነሥቷል» ብሎ ዘጋው። በደራሲው ፈቃድ! ሚያዝያ 2016 ላይ አስተካክሎ እንደ አዲስ ላከው። ጥር 2017 ላይ ምን ተባለ? መረጃው ቆይቷል። ያቆየው ማን እንደሆነ ለእናንተው እንተወዋለን።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ፤ የሚያንገበግበኝ ይሄ ስለሆነ ትንሽ አረዝመዋለሁ። እኔ ጽሑፌ ታትሞልኛል። ከሰባታችን እናንተ ጋ የታተመልን አንድ እኔ ብቻ ነኝ። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊቶች ላይ የሠራሁት ጥናት ነው፣ አዘዞና ቀበሌ 18 አካባቢ። ስለዚህ «ወይኑ ላይ ስላልደረሰች ነው ጎምዛዛ የምትለው» እንደማትሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ። የገምጋሚዎቹ አስተያየት ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

መጀመሪያ የፊርማው ነገር። አዘዞ አንዲት እማማ ቤት ሄድኩ። ቡና እያፈሉ ነው። ወሬያችን ሞቅ ሲል የፈቃደኝነት ወረቀቱን አወጣሁ። አዩት። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ። ለጥናቱ ፈቃደኛ መሆንዎን የሚያሳይ ነው፣ እዚች ጋ ይፈርማሉ ወይም በጣት ይጫኑልኛል አልኳቸው። ዝም አሉ። ጀበናውን ከእሳቱ አንሥተው ማቶቱ ላይ አስቀመጡት፣ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፣ ከዚያ «ከአፌ የወጣው አልበቃሽም? እኔኮ ቤቴን ያጣሁት በጣቴ የተጫንኩ ዕለት ነው» አሉኝ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩት። የሥነ ምግባር ኮሚቴው አስቀድሞ በቃል ፈቃድ መውሰድን ፈቅዶልን ስለነበር፣ ጎረቤታቸው ባሉበት ፈቃዳቸውን በቃል ተቀብዬ ቀረጽኩት። ሁለተኛውን ስኒ ስንጠጣ ነው ዋናውን ነገር ያወሩኝ። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ቢቆይ ኖሮ አያወሩኝም ነበር።

ገምጋሚው ምን አለ? የሁሉም ተሳታፊዎች የተፈረመ ቅጽ ተቃኝቶ ይያያዝ፣ ያለዚያ ጥናቱ ተቀባይነት የለውም። አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ወጥቶ በየጊዜው የተሻሻለው የሄልሲንኪ ድንጋጌ፣ ያውም ለሕክምና ምርምር የተጻፈው፣ ፈቃድ በጽሑፍ መስጠት ካልተቻለ በቃል ተሰጥቶ ምስክር ባለበት በወጉ ይመዝገብ ነው የሚለው። እኛ ያደረግነውም ይሄንኑ ነው። ሁለተኛ፣ ስማቸውን ለመደበቅ ስንት የተጨነቅንላቸውን ሴቶች ፊርማና ስም ስካን አድርጌ ለማላውቀው ሰው ላኪ ማለት ምን ዓይነት ጥበቃ ነው? ይህን ለማስረዳት አራት ገጽ መልስ ጻፍኩ። በመጨረሻ ታለፈ። አራቱ ገጽ ግን ሁለት ወር በልቶኛል።

ቀጥሎ የሰባ ሰባት ነገር። አንዲት ሴትዮ «ወንድሞቼን በሰባ ሰባት ነው ያጣኋቸው» ብለውኛል። እኔም 1977 ብዬ ጻፍኩት፣ አጠገቡ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ጠቁሜ። አንዱ ገምጋሚ «በ1977 ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ ረሃብ አልነበረም፤ ደራሲዋ ቀኖቿን ታጣራ» አለ። ሌላው ደግሞ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ጨርሶ አውጪው አለ። አወጣሁት። አሁን የታተመው ጽሑፍ ላይ ሴትየዋ «ወንድሞቼን በ1984 አጣኋቸው» ይላሉ። ተናግረውት የማያውቁትን! ወሎም ሆነ ጎንደር ሄዳችሁ ብትጠይቁ፣ ሰባ ሰባት የዓመት ቁጥር ብቻ አይደለም። የመከራው ስም ነው። በፈረንጅ ቀመር ሲገለበጥ ስሙ ይጠፋል፣ ቁጥሩ ይቀራል። በቅንፍ ሁለቱንም ማስቀመጥ ምን ይጎዳ ነበር?

የጥቅሶቹም ነገር እንደዚሁ ነው። እማማ «ሲመሽ ልጆቼ ትዝ ይሉኛል፣ ሆዴን ባር ባር ይለዋል» አሉኝ። በእንግሊዝኛ «አዝናለሁ» ከሚል የተሻለ ልናገኝለት አልቻልንም። ባር ባር ማለትን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ማዘን ብቻ አይደለም፣ የሚሄዱበት ሳይኖር ተነሥ ተነሥ የሚል ነገር አለው። ለዚህ ነው አማርኛውን በፊደሉ ከትርጉሙ ሥር ያስቀመጥኩት። ወጣ። ምክንያቱ ጽሑፉ ከ6,000 ቃል እንዳያልፍ ነው፣ አማርኛውም ይቆጠራል ተባልኩ። አገር ቤት የሚታተም ጆርናል ላይ የአገር ቤት ቋንቋ እንደ ትርፍ ሻንጣ ይመዘናል ማለት ነው።

ስምም አለ። ሲስተማችሁ «የቤተሰብ ስም» ካልሞላሁ አላሳልፍም አለኝ። የአባቴን ስም ሞላሁ። ከዚያ በኋላ በጥቅስ ላይ የምወጣው በአባቴ ስም ነው። አባቴ ፊደል ሳይቆጥር ያረፈ ገበሬ ነው፤ ዛሬ ግን በአረጋውያን ክብካቤ ላይ ተጠቃሽ ምሁር ሆኗል። ነፍሱን ይማር፣ ቢሰማ ይስቅ ነበር። እኔን ግን ስሜን ይዞ የሚፈልገኝ ሰው አያገኘኝም። በአገራችን የታተሙ ስንትና ስንት ጽሑፎች የደራሲውን ስም ከነአባቱ እንዳለ ሲጠቅሱ ኖረዋል፤ ዓለም አልፈረሰም።

አንድ አስተያየት ደግሞ አሳቀንም አሳዘነንም። «በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የተሠሩ የአገር ውስጥ የሶሻል ወርክ ጥናቶች አልተጠቀሱም» ይላል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቱ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በደርግ ጊዜ ተዘጋ። በማስተርስ ደረጃ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በመሐል ሠላሳ ዓመት ገደማ ሙያው ትምህርት ቤት አልነበረውም። የሌለ ጥናት ከየት አምጥቼ ልጥቀስ? በዚያ ሁሉ ዓመት ሥራውን ማን ሠራው ከተባለ እድሩ፣ ሰንበቴው፣ ጎረቤቱ ነው የሠራው። እሱን ስንጽፍላችሁ ደግሞ ወሰን ውጭ ነው ትሉናላችሁ።

ወደ አዲሱ ማስታወቂያ እንመለስ።

ዩኒቨርሲቲ የማያስተምር ሰው ዋና ጸሐፊ መሆን አይችልም የሚለው ደንብ ምን እንደሚያመጣ ልንገራችሁ፤ ትንቢት አይደለም፣ ካሁኑ ጀምሯል። ማስታወቂያው በወጣ በሳምንቱ አንዷ ጓደኛችን ያለቀ ጽሑፏን ይዛ ስም ፍለጋ ወጣች። አዎ፣ ስም ፍለጋ። አስተማሪ የሆነ ሰው ፈልጋ፣ ስሙን ከፊት አስቀምጣ፣ እሷ ሁለተኛ ልትሆን። አንዱ እሺ አላት፤ ጽሑፉን ግን ገና አላነበበውም። ይህ ነገር በምርምር ዓለም ስም አለው፣ የስጦታ ደራሲነት ይሉታል፣ እንደ ማጭበርበርም ይታያል። የሕክምና ጆርናሎች አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ለደራሲነት አራት መስፈርት አስቀምጧል። በሥራው ሐሳብ ወይም መረጃ ላይ ጉልህ ድርሻ ይኑርህ፣ ጽሑፉን ጻፍ ወይም በቁም ነገር አርም፣ የመጨረሻውን ቅጂ አጽድቅ፣ ለሥራው በሙሉ ተጠያቂ ሁን። አራቱም በአንድነት። የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ ይኑርህ የሚል አምስተኛ መስፈርት የለም። ደረጃ ለመጠበቅ ያወጣችሁት ደንብ ሰውን ወደ ውሸት እየገፋ ነው፤ እኛ ደግሞ ደንበኞቻችንን እውነት ተናገሩ እያልን የምንውል ሰዎች ነን።

ክፍያውስ? የተጠየቀው ገንዘብ የአንዳችንን የሁለት ወር ደሞዝ ያህላል። ጆርናል ያለ ገንዘብ እንደማይሄድ ይገባናል፤ ሰርቨሩም፣ አርታዒውም ይከፈለዋል። ነገር ግን የውጭዎቹ ትልልቅ አሳታሚዎች እንኳ ብዙዎቹ ኢትዮጵያን ከዝቅተኛ ገቢ አገሮች መድበው ክፍያውን ያነሡልናል። ከፈረንጁ ነጻ፣ ከአገር ልጅ በክፍያ ሲሆን ነገሩ ግራ ያጋባል። እናንተ ማስታወቂያ ላይ ለማይችል ሰው ምን እንደሚደረግ አንድ መስመር አልተጻፈም።

በሩ ሲቆለፍ ሰው የት እንደሚሄድ ደግሞ አስቡ። የሁላችንም ኢሜይል ውስጥ በየቀኑ «ክቡር ፕሮፌሰር» የሚል ደብዳቤ ይገባል። ፕሮፌሰር የሆነ ማንም የለንም። ጽሑፍዎን ይላኩ፣ በሦስት ቀን ይታተማል ይላል። አዳኝ ጆርናል የሚባሉት፣ ገንዘብ ተቀብለው በወጉ ሳይገመግሙ የሚያትሙት ናቸው። ጄፍሪ ቢል የሚባል አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ዝርዝራቸውን ያወጣ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ አወረደው፤ እነሱ ግን አልወረዱም። አንዷ ባልደረባችን ለደረጃ ዕድገት አንድ የታተመ ጽሑፍ ተጠየቀች። እናንተ ጋ ልካ አንድ ዓመት ጠበቀች፣ ዝም ተባለች። ጽሑፏን አንሥታ ለአንዱ ክቡር ፕሮፌሰር ባይ ላከች። በአራት ቀን ጽሑፍሽን ተቀብለናል፣ ዶላር ክፈይ አሏት። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ከተለቀቀ በኋላ ነው፤ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ መቶውን ያለፈበት ጊዜ። የዕቁብ ዕጣዋ ወጥቶላት ነበር፣ ለጣሪያ ቆርቆሮ ያሰበችውን። ውጭ አገር ባለ ዘመዷ በኩል አስከፈለች። ጽሑፉ ታተመ፤ ስሟ ራሱ ተሳስቶ። የደረጃ ኮሚቴው ጆርናሉ አይታወቅም ብሎ ጣለው። አሁን ያንን ጽሑፍ ሌላ ጆርናልም አይቀበላትም፣ አንዴ ታትሟላ። ጣሪያዋ ዘንድሮም ያፈሳል። የእሷ ስህተት አለበት፣ አልደብቅም፤ ብትጠይቀን እንነግራት ነበር። ግን አንድ ዓመት ያስጠበቃት ማነው?

የ«ከመስክ» ዓምድ መዘጋት ላይ ብዙ አልልም፤ ከጆርናሉ ውስጥ እኛ ከዳር እስከ ዳር የምናነበው እሱን ብቻ ነበር።

አንድ የቀረኝ አለ። የእድሩ ዳኛ ቅዳሜ ገበያ ባገኙኝ ቁጥር «ያ የጻፋችሁት ምን ደረሰ?» ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን እየታየ ነው እላቸው ነበር። አሁን ሳያቸው በሌላ መንገድ እዞራለሁ። የታተመውን የኔን ጽሑፍም ቢሆን ለእማማ ልወስድላቸው አልቻልኩም፤ በእንግሊዝኛ ነው፣ አንዲት የአማርኛ ገጽ እንኳ የለውም። የሰው ቤት ገብተን፣ ቡና ጠጥተን፣ ምስጢር ሰምተን ወጥተን ቀረን። በእኛ ባህል ይህን የሚያደርግ ሰው ስም አለው፤ እዚህ አልጽፈውም።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

ጽሑፍ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ለገምጋሚ መላኩን ወይም አለመላኩን ንገሩን። «አይሆንም» ማለትም መልስ ነው፤ በጊዜው ከመጣ እናመሰግንበታለን። ግምገማው ከስድስት ወር ካለፈ ደራሲው ጽሑፉን አንሥቶ ሌላ ቦታ መላክ እንዲችል በደንባችሁ ውስጥ ጻፉልን።

ኢንተርኔት ወይም መንገድ ለተዘጋበት አካባቢ ሲስተሙ በራሱ አይዝጋ፤ ሰው ይየው።

ዋና ጸሐፊነትን በመታወቂያ የሚለየው ደንብ ይነሣ። ጥራት ካሳሰባችሁ ጽሑፉን ገምግሙት፣ የጸሐፊውን መሥሪያ ቤት ተዉት። «ከመስክ» ይመለስ፤ በዓመት አራት አጭር ጽሑፍ ቢሆንም ይበቃናል። ክፍያውን ከኪሱ ለሚከፍል ሰው አንሡ፣ ይህንንም ማስታወቂያው ላይ ጻፉት፤ ሰው ለልመና ደጅ አይጥና።

ለገምጋሚዎች አንዲት ገጽ መመሪያ አዘጋጁ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ የፈቀደው የቃል ፈቃድ ተቀባይነት እንዳለው፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር በቅንፍ እንደሚቀመጥ፣ የደራሲ ስም ከነአባት ስም እንዳለ እንደሚጠቀስ፣ በአማርኛም ሆነ በሌላ የአገር ቋንቋ የተቀመጠ ጥቅስ በቃል ቁጥር ውስጥ እንደማይገባ ይጻፍበት። ብትፈልጉ ረቂቁን እኛ እንጽፍላችኋለን፣ በነጻ።

ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ይኑረው፣ ጥናቱ በሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች ላይ የተሠራ ከሆነም በእነሱ ቋንቋ።

የጓደኛችን የመተማ ጽሑፍ ላይ «በደራሲው ፈቃድ ተነሥቷል» የሚለው ከመዝገባችሁ ይሰረዝ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እሱ ግን ባነሣው ቁጥር ፊቱ ይለዋወጣል።

አሁን እጃችን ላይ ሁለት ያለቁ ጽሑፎች አሉ። የእድሩን ጥናትም የስልት ክፍሉን አስተካክለን እንደገና ጽፈነዋል። እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ የትም ሳንልካቸው እንጠብቃችኋለን። ለዳኛውም ጥር ሲያልቅ ቁርጡን እነግርዎታለሁ ብያቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

በጎንደር ከተማና አካባቢዋ የምንሠራ ሰባት ሶሻል ወርከሮች
ጸሐፊዋ፦ የሆስፒታል ሶሻል ወርከር
ጎንደር፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.